ሐረጎ ላይ ያለቀስኩላት ሰብለ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ፍቅር እስከ መቃብርን አታንብቡ። እኔ አንብቤ አይቻለሁ።

መነኸሪያ ስሳፈር እየሳቅኩ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው ያሳቁኝ። ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲያማርጡ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ቤት አስቀሯት። አልበቃቸውም፤ የገዛ ገበሬዎቻቸውን ሊቀጡ ፎክረው ዘመቱና በአበጀ በለው ተማርከው አረፉት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ሲያስቁ ራሳቸው አይስቁም። ኮስተር ብለው፣ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ነው የሚያወጉት። ሾፌሩ በመስታወቱ ሁለት ጊዜ ገላመጠኝ።

ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ሰብለ የወደደችው በዛብህ ሊሞት ነው። ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ስትፈልገው ቆይታ ደረሰችበት፤ ለመሰናበት ብቻ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ አላለቅስም ብዬ እምላለሁ። ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ገጹን ብቻውን አያነብም። ያ ድምፅ መጥቶ ጉሮሮ ይይዛል።

«አብሽር ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉ አጠገቤ ያሉት እናት።

«ሰብለ» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

ወሎ ውስጥ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የለም። ሚኒባሱ ባንዴ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። ከኋላ «አላህ ይዘንላት»፣ ከፊት «ነፍስ ይማር»። ሾፌሩ የከፈተውን የባቲ ዘፈን ዘጋ። ረዳቱ ለሂሳብ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። (እውነቱን ለመናገር፣ ይሄኛው ትንሽ አጽናንቶኛል።)

«ምን አግኝቷት?»

«የደሃ ልጅ ወዳ፣ አባቷ ዘር ቆጥረው ከለከሏት።»

«ዘር ቆጥረው?» እናትዬዋ ተቆጡ። «የኔ አባት እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን። አረፋውንም ፋሲካውንም በልተን ነው ያደግነው! የት አገር ነው ይሄ?»

«ጎጃም።»

«ምነው ጠፍተው ወሎ በመጡ!»

«አሁንማ ዘር ማን ይቆጥራል» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ የተጎዳ በሚመስል ድምፅ። «ባጃጅ አለው ወይ ነው የሚሉት።»

እናትዬዋ ወደኔ ዞሩ። «መቼ ነው ያረፈችው?»

ከዚህ በኋላ መዋሸት ነውር ነው። «መጽሐፍ ላይ ነው፣ እማማ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «በ1958 የወጣ።»

ጣታቸውን ቆጠሩ። «ከዚያ ወዲህ እያለቀስክ ነው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ዘፈኑን መልሶ ከፈተ። ረዳቱም እጁን መልሶ ዘረጋ።

ኮምቦልቻ ስንወርድ እናትዬዋ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጁስ?»

«እሱም ሞተ።»

«ወየው!» አሉና ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።