ካሜራህ ማርክ ስንት ነው?

የእኛ ሰው ፎቶ አንሺ ሲመርጥ ፎቶ አያይም። ለዚህ ጥበቡ እስከ ዛሬ በወጉ ያመሰገነው የለም፤ እስቲ እኔ ላመስግነው።

ፎቶ ማየት እኮ ጣጣ ነው። አልበም ሲገለጥ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ይቺ ታምራለች" ይላል፤ ሌላዋ "ፊቷን አጥቁሮታል" ትላለች። ካሜራ ግን አያጣላም። ሲያዩት ያስታውቃል፣ ሲያነሱት ይከብዳል፤ አለቀ።

ስለዚህ ሰርግ ደጋሾች ተሰብስበው ፎቶ አንሺውን ሲያስጠሩት "እስቲ ሥራህን አሳየን" የሚል ሰው የለም። የሙሽሪት አጎት ጉሮሯቸውን ይጠርጉና "ልጄ፣ ካሜራህ ማርክ ስንት ነው?" ይላሉ። ማርክ ካነን የሚባለው ካሜራ ሠሪ አንድን ካሜራ ስንተኛ ጊዜ አሻሽሎ እንዳወጣው የሚናገር ቁጥር ነው፤ ጋሼ ግን ምን እንደሆነ አይጠየቁም። የእሳቸው ድርሻ መጠየቅ ነው። ልጁ "ማርክ ፎር" ካለ ቀብዱ ይቆጠራል።

አንዳንዴ ትንሽ ግርታ ይፈጠራል። አንደኛው ልጅ ካነን 2000ዲ፣ ሌላኛው 5ዲ ይዞ ከመጣ ጋሼ በቀላል ሒሳብ ለባለ 2000ው ያደላሉ። 2000 ከ5 ይበልጣላ! ያኔ ከቤቱ ወጣቶች አንዱ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ካነን ዘንድ አሃዝ ሲበዛ ማዕረግ ያንሳል። ባለ አራት አሃዞቹ እነ 2000ዲና 4000ዲ የጀማሪ ናቸው፤ ባለ ሦስቶቹ እነ 800ዲ ከነሱ ከፍ ይላሉ፤ ባለ ሁለቶቹ እነ 80ዲ መካከለኛ ናቸው፤ 5ዲ ደግሞ ጌታ ነው። ጋሼ ይህን ሰምተው ቅንጣት አያፍሩም። "እኔስ ያልኩት ይህንኑ አይደል?" ብለው ፍርዱን ይገለብጡታል።

እኔም ፍርዳቸውን በማስረጃ ልደግፍ። 2000ዲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣች ናት፤ ባትሪና ካርድ ጎርሳ 475 ግራም ትመዝናለች። 5ዲ ማርክ ፎር እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፤ ባትሪና ካርድ ይዞ 890 ግራም ነው። ልብ በሉ፣ ሌንስ ገና አልተገጠመም። ባለ ቀይ ቀለበቱ የባለሙያ ሌንስ፣ 24-70 የሚሉት፣ ሲጨመርበት 1.7 ኪሎ ገደማ ይገባል፤ ለአንድ ቤተሰብ የበዓል ቁርጥ ማለት ነው። ይህን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሽራ የሚከተል ሰው ክብር ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። 475 ግራም ይዞ የሚዞረውማ ከታዳሚው በምን ይለያል?

ድምፁም አለ። ትንሿ በሰከንድ 3 ፎቶ ታነሳለች፣ ማርክ ፎር 7። ሦስት ጊዜ ቀጭ ቢል በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ማን ይሰማዋል? ሰባቱ ባንዴ ሲንጣጣ ግን እናቶች ሁሉ ዞር ይላሉ። ገንዘባቸው ሥራ ላይ እንደዋለ በጆሯቸው ሰሙ። ሰባቱም ላይ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ ሊሆን ይችላል። እሱ የሙሽራው ችግር ነው።

አሁን ባለሙያውን እንተወውና ማርክ ፎርን ለገዛ ደስታው የገዛውን ወንድማችንን እናወድስ። አሜሪካ ላለችው እህቱ "ቦዲውን ብቻ ላኪልኝ፣ ሌንሱን እዚሁ አያለሁ" ያላት እሱ ነው። ቦዲው መጣ። ቤት የነበረችው ትንሽ ካሜራ 18-55 ሌንስ ስለነበራት እሷን ሊገጥም ሞከረ። አልገባ አለች። ለትንሽ ሰንሰር፣ ማለት ብርሃን ለሚቀበለው ትንሽ ገበታ፣ የተሠራች ሌንስ ናት፤ ነጭ ካሬ ምልክት አላት፤ ማርክ ፎር አፍ ላይ ያለችው ደግሞ ቀይ ነጥብ ብቻ ናት። ወንድማችን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ቦዲውን ከነክዳኑ አንገቱ ላይ አጥልቆ ለጥምቀት ጃንሜዳ ወረደ። ማሰሪያው ላይ የካሜራው ስም በትልቁ ስለተጻፈ ሌንስ ምን ያደርጋል?

ሌንስ ካገኘ በኋላም ትሕትናው አለቀቀውም። ማርክ ፎር አናት ላይ ሞድ መቀየሪያው አለ፤ መሃሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳይጫኑ አይዞርም። የተደረገችው ባለሙያው የመረጠው ሞድ በእጅ ንክኪ እንዳይቀየርበት ነው። እሱ ዘንድ ቁልፏ የምትጠብቀው አረንጓዴዋን ኤ ፕላስ፣ ሁሉን ለካሜራው የምትተወዋን ሞድ፣ ነው። ካሜራው ከካርቶን ከወጣ ጀምሮ ከዚያች ላይ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ያቺው ኤ ፕላስ 2000ዲ ላይም አለች። እዚያ ስትሆን ግን ያለማወቅ ምልክት ናት፤ እዚህ ስትሆን የባለቤቱ ምርጫ ናት።

የፎከሱን ነገር ተዉት። ትንሿ ፎቶው የት ላይ ጥርት እንዲል የሚመረጥባት 9 ነጥብ አላት፣ ማርክ ፎር 61። ወንድማችን ከ61ዱ አንዱን መርጦ አያውቅም፤ ለካሜራው ትቶለታል። ካሜራ ደግሞ ሲተዉለት ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ይይዛል። የአክስቱ ልጅ ስትመረቅ ስድስት ኪሎ ያነሳትን ፎቶ አይቻለሁ። የአበባው ፕላስቲክ መጠቅለያ ሽብሽቡ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሪባኑ ላይ የወጣው ክር ሳይቀር ይታያል። ተመራቂዋ ከኋላ ጉም ውስጥ ሆና ፈገግ ብላለች። "ፉል ፍሬም ብለር ይሉሃል ይሄ ነው!" አለኝ፤ ፉል ፍሬም የሚለው የማርክ ፎርን ትልቅ ሰንሰር ነው፣ ብለር ደግሞ ብዥታውን። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ብለር ሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

ሁለት የካርድ ቤትም አለው። ሰርግ የሚያነሳ ሰው አንዱ ካርድ ቢበላሽበት ሁለተኛው እንዲያተርፈው ነው። የወንድማችን ሁለተኛ ቤት ካርድ ገብቶበት አያውቅም። ቦዲው አቧራና ጠብታ እንዳያስገባ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ካፊያ ሲጀምር ግን ጃኬቱን አውልቆ ካሜራውን ያለብሳል። ማታ ድንኳን ውስጥ አብሮ የተሠራውን ፍላሽ ሲፈልግ አጣው። 2000ዲ ላይ አለ፣ ማርክ ፎር ላይ የለም። "ፕሮፌሽናል ካሜራ ፍላሽ አይፈልግም" ብሎ አስረዳን። ጥቁር ሆነው ለወጡት ፎቶዎችም "ሙዳቸው ነው" አለን።

ከዚያ ፎቶው ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። ማርክ ፎር 30 ሚሊዮን ፒክስል ይይዛል። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክለት ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርድና አንድ ሚሊዮን ገደማውን አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ሃያ ዘጠኝ ሚሊዮን ፒክስል መንገድ ላይ ቀረ። ለጋስ ማለት ይህ ነው። ባለ 2000ዲው ከ24 ሚሊዮን ጀምሮ እዚያው አንድ ሚሊዮን ላይ ይደርሳል፤ የጣለው ግን ያንሳል። ድሃ ምን ይጥላል?

በዚህ መሃል ነገር የሚያበላሹ ሰዎች አይጠፉም። አንዱ ተነስቶ ሒሳብ ይሠራል። የማርክ ፎር ሰንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው ይላል፤ የ2000ዲ 22.3 በ14.9። በስፋት 2.6 እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲደርስ፣ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል፣ ትልቁ በእርግጥ ያግዛል። እስከዚህ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ግን ማርክ ፎር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው 24-105 ሌንስ ከኤፍ 4 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፤ ርካሿ ሃምሳ ሌንስ ደግሞ ኤፍ 1.8 ድረስ ትከፈታለች፤ ይህም 5 እጥፍ ገደማ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ትንሿ ካሜራ ከነሃምሳዋ ትበልጣለች ይላል። ጭራሽ "መጀመሪያ ሌንስ ግዙ፣ ማርክ ፎር ለሚሠራበት ሰው ነው ዋጋውን የሚያወጣው" ብሎ ይጨምራል። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ሌንስ እኮ ከሩቅ አይታይም። ማን ነው ድንኳን በር ላይ ቆሞ ኤፍ ስንት እንደሆነ የሚያነብለት?

ብልህ ልጆች ይህን ስለገባቸው አይከራከሩም። አንዱን አውቀዋለሁ። ካሜራው 2000ዲ ነው፣ ሌንሱ ያቺ ሃምሳ። የማርክ ፎርን ማሰሪያ ብቻ ከጓደኛው ተዋሰና አሰረባት። ቀብድ ተቀበለ፣ ሰርጉን አነሳ፣ አልበሙን አስረከበ። ፎቶዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ ልጁ መስኮት የት እንዳለ ያያል፣ ሙሽሪትን ወደ ብርሃኑ ያዞራል፣ ሰው ሲስቅ ይጠብቃል። ጋሼ አልበሙን ገልጠው ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። "አያችሁ? ማርክ እኮ ያስታውቃል!"

እሺ፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት አሁን አደጋ ላይ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ካነን ከካሜራው ሆድ ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሰውን መስታወት አውጥቶ ኢኦኤስ አር5 የሚባል አመጣ። 45 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ማርክ ፎር ሲወጣ ቦዲው 3,499 ዶላር ነበር፤ አር5 3,899። ዋጋ ጨመረ፤ ክብደትስ? ባትሪና ካርድ ይዞ 738 ግራም! ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ተጨማሪ የማይከብደው ነገር ምን ያደርግለታል? ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ2024 ተተኪውን አወጡና ማርክ ቱ አሉት። ከፎር ወደ ቱ! አንድ ልጅ ይህን አዲሱን ይዞ ሰርግ ሊዋዋል ሄዶ ማርክ ቱ ነው ሲላቸው "እኛ እንኳ ለልጃችን አሮጌ አንፈልግም" ተብሎ ተመልሷል።

ለነዚህ ልጆች የምመክረው ግሪፕ እንዲገጥሙበት ነው። ከሥር ሲገጠም ካሜራው ቁመት ያወጣል፣ እጅ ይሞላል፣ ከሩቅም ያስፈራል። ግሪፑ ሁለት ባትሪ ይይዛል። ሁለተኛ ባትሪ መግዣ ከሌለ በቦታው ጠጠር ቢገባበት ማንም ከፍቶ አያይም፤ ሚዛን ላይ ደግሞ ጠጠር ይሻላል።