መብራትህን ዝቅ አድርግ

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ የማድረው ግን በአንኮበር አቅጣጫ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ በተቀመጠች መንደር ነው። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየና ስፍራው ደብረ ብርሃን ተባለ። ብርሃኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1456 ብቅ ያለው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉም አሉ። ይህ ኮከብ የሚመለሰው በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። ብዙ ቢመስልም ቢያንስ ቀጠሮ ያከብራል፤ የመንደራችን መብራት ይህ ዐመል የለውም። ስለዚህ ማታ በብስክሌት ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ብርሃኑን ራሱ ይዞ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ የነበረችኝ ከአባቴ ብስክሌት ጋር የወረስኳት ዲናሞ ናት። ጎማው ላይ ተደግፋ እንደ ወፍጮ እያጓራች 6 ቮልት፣ 3 ዋት ታመነጫለች። የምትጠይቀው ጉልበት ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ እንደ ሙሽራ ቤት ትደምቃለች፤ ዳገት ላይ እኔ ስደክም እሷም ትከስማለች። ጅብ ደግሞ ሰውን የሚያጅበው ዳገት ላይ ነው።

ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ያወጣልኝ የመብራት ካርቶን «50000 ሉመን» ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። የመኪና ተራ የፊት አምፖል እንኳ ከ1000 እስከ 1500 ሉመን ነው፤ በካርቶኑ ሒሳብ ቢያንስ ሠላሳ የመኪና አምፖል ሆኜ ቤቴ ልገባ ነው። ባትሪው ላይ ደግሞ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል የአቅም ልክ ተጽፏል። ወርዱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ ባትሪ ከደህና ፋብሪካ ሲወጣ እንኳ ከ3500 ብዙም አያልፍም፤ የተረፈው የሻጩ ምርቃት ነው። ጥርጣሬዬን ብነግረው «ወንድሜ፣ ካርቶን ይዋሻል እንዴ?» አለኝ። አፈርኩና ከፈልኩ።

መብራቱ መዋሸቱን ቢዋሽም ብርቱ ነበር። የባሕር ዛፉን ጫፍ፣ የጎረቤቱን መስኮት፣ የመጪውን ሰው ዓይን እኩል ያዳርሳል። ጀርመኖች የብስክሌት መብራት ብርሃኑ ከላይ እንደተቆረጠ ሆኖ መጪውን እንዳያጥበረብር በሕግ እንደሚያስገድዱ የሰማሁት በኋላ ነው። ከጅብም ጋር በደንብ አስተዋወቀኝ። በዲናሞዋ ዘመን አላይም፣ አልፈራም ነበር፤ አሁን ከእርሻው ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የሚያበሩ ዓይኖች ስቆጥር አመሻለሁ። ጎረቤቶቼ «ውሾች ናቸው» ብለው አጽናንተውኛል፤ የእኛን አገር ውሻ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ አይጽናናም።

ዋናው ጣጣ ከሰው ጋር ነው። በእኛ አገር ባትሪ ለመንገድ አይበራም፤ መንገዱንማ እግራችን ያውቀዋል። ባትሪ የሚበራው ለፊት ነው። ቀድሞ ያበራ «ማነህ?» ይላል፤ የበራበት «እኔ ነኝ» ይላል፤ በቃ፣ ተግባባን። እኔ ግን ሳላውቀው የአገሩን ሰው ሁሉ ከሩቅ «ማነህ?» እያልኩ፣ መልሱን ሳልሰማ እያለፍኩ ከረምኩ።

አንድ ማታ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት መንገዱ መካከል ቆመው ከዘራቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ። ፍሬን ያዝኩ።

«ምነው አባባ፣ ደህና አይደሉም?»

«እኔማ አይሱዙ መጣልኝ ብዬ ነበር።» ብስክሌቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይህን ሁሉ ብርሃን ተሸክመህ አንድ ሰው አትጭንም?»

ይቅርታ ጠይቄ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ያጠፋኸው ዓይን ሳይመለስ የት ልትሄድ ነው?»

ዓይን ከደማቅ ብርሃን በኋላ ጨለማውን በሚገባ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሸዋ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። «የማን ልጅ ነህ?» ተጀመረ፤ በአያቴ በኩል መንዝ ገባን፤ በቡልጋ ዞረን ተመለስን፤ ዓይናቸው ሲመለስ ዘመዳሞች ሆነን አረፍነው። ዘመድ ደግሞ በጨለማ ጥሎ አይኬድም፤ የያዙትን የገብስ ከረጢት ብስክሌቱ ላይ ጭኜ፣ እየገፋሁ ቤታቸው አደረስኩ።

ልብ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። 400 ሉመን ገደማ ያላት፣ ብርሃኗን ከላይ የምትቆርጥ መብራት መሪው ላይ አሰርኩና አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋ አደረግኋት። ግንባሬ ላይ ማሰርም ሞክሬ ነበር፤ ጉም በወረደ ማታ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ነጭ ግድግዳ እየገፋሁ ሄድኩ። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ ትርፉን ባትሪ እንደ ጫጩት ብብቴ ሥር አቅፈዋለሁ። ከኋላ ያለውን ቀይ መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እንዲል አድርጌው ነበር። ሁለት ሞቅ ያላቸው ሰዎች አዲስ ቡና ቤት የተከፈተ መስሏቸው እስከ ደጃፌ ስለተከተሉኝ፣ አሁን ሳይርገበገብ ይበራል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ አስራለሁ፤ ከፍ ዝቅ ሲል ያየ ሹፌር የሰው እግር መሆኑን ወዲያው ይለያል።

መንገዱ ተስማማኝ፤ ሰዉ ግን አኮረፈ። የማንንም ፊት ስለማላበራ ባለቤቴን «ባልሽ ምን ነካው? ሰው መጠየቅ ተወ» አሏት።

የድሮውን መብራት ለአዲሱ ዘመዴ ሰጠኋቸው። አዛውንቱ በየማታው መታጠፊያው ላይ ቆመው፣ ገና መቶ ሜትር ሲቀረኝ ሃምሳ ሺሁን ፊቴ ላይ ይለቁታል።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እባክዎ መብራቱን ዝቅ ያድርጉልኝ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ፊትህን ልየው።»