ማተብሽን ደብቂ የተባለችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ፣ ከሰፈራችን አጠገብ ያለ አንድ ድርጅት በእንግዳ መቀበያው ለሚሠሩ ሁሉ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማተብም ሆነ የአንገት መስቀል ከልብስ ውጭ እንዳይታይ ይላል። እዚያ የምትሠራው የጎረቤቴ ልጅ ምክንያቱን ስትጠይቅ ኃላፊው፣ «ሃይማኖት በልብ ነው፤ እግዚአብሔርም የሚያየው ልብን ነው» ብሎ መለሰላት። ማስታወቂያው አናደደኝ፤ መልሱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ኃላፊው የተመረኮዘው ቃል በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ያለ ነው። ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች ንጉሥ ሊቀባ ሄዶ በኤልያብ ቁመና እንዳይታለል የተነገረው ነው። እምነትህን ሸሽግ የሚል አንዲት ፊደል የለበትም። በልቡ የተመረጠው ዳዊትም ልቡን ቆልፎ አልተቀመጠም። ሕዝብ እያየው በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘፈነ፤ በዚህ የናቀችው ሜልኮል ናት። ጳውሎስም «ሰው በልቡ አምኖ ይጸድቃልና በአፉም መስክሮ ይድናልና» ሲል ልብን ከአፍ አልነጠለም። ግማሹን ጥቅስ ይዞ ሠራተኛን ዝም ማሰኘት ድፍረት ነው።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ማተብ እንደ ጌጥ መቆጠሩ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የሚታሰር ክር ነው፤ ቋንቋችን ግን ክር ብሎ አልተወውም። አደራ የበላውን «ማተብ የለውም» እንላለን። ወዳጁን የከዳውን «ማተቡን በጠሰ» እንለዋለን። ብድር የቸገረው ሰው በማተቡ ይምላል፤ አበዳሪውም ያለ ወረቀት ይሰጠዋል። የታማኝነትን ስም ከአንገት ክር ያወጣን ሕዝብ ነን። ይህ የሆነው ክሩ ስለሚታይ ነው እላለሁ። የሚታይ ማተብ ከማንም በፊት የሚያስረው ባለቤቱን ነው። ነጋዴው ሚዛን ሲያጎድል «ማተብ አስረህ?» የሚለው አያጣም፤ በየመንገዱ የሚያየው ሁሉ ምስክር ይሆንበታል። ሸሚዝ ውስጥ የገባ ማተብ ግን ማንንም አያስጠይቅም። ይህች ልጅ እንግዳ ረስቶት የሄደውን የብር ቦርሳ ሳትከፍት አስረክባ በስብሰባ ተጨብጭቦላታል። ታማኝነቷን ወደውላት ታማኝነቷ የታሰረበትን ክር አፍረውበታል።

«ደንበኛ ቅር ይለዋል» ይላሉ ደግሞ። የትኛው ደንበኛ? በሰፈራችን ስለ ማስታወቂያው ከሁሉ ቀድማ የተቆጣችው ሒጃብ ለባሽ ጎረቤታችን ናት። ነገ ወደ እርሷ እንደሚመጣ ገብቷታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን «በይፋ ወይም በግል» መግለጽን ፈቅዷል፤ «በይፋ» የሚለውን ቃል ለመሰረዝ ለአንድ ድርጅት ማን ሥልጣን ሰጠው? ክር ሊጠልፍ የሚችል ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ቢከለከል ይገባኛል። የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ማሽን አይደለም።

ለአንዲት ክር ይህ ሁሉ ለምን የሚሉኝ አሉ። አቡነ ጴጥሮስም የተጠየቁት ቃል ብቻ ነበር። የጣሊያን ወራሪዎች አርበኞችን አውግዙ ሲሏቸው በአፋቸው እሺ ብለው በልባቸው ከአርበኞቹ ጋር መቆየት ይችሉ ነበር። እምቢ ብለው በሐምሌ 1928 በዚህችው በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። ሃይማኖት በልብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚሞቱበት ምክንያት አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ልጅቷን በታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። የቤት ኪራያቸው ከእርሷ ደመወዝ እንደሚከፈል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጥቁሩ ክር ከደንብ ልብሷ አንገትጌ በላይ ይታያል። «ሲያረጅ እናቴ ትቀይርልኛለች እንጂ አንገቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም» አለችኝ። ታክሲው መጣና ገባች። ማታ የተመለሰችው ደብዳቤ ይዛ ነው። አሳየችኝ፤ «መመሪያ ባለማክበር፣ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» ይላል። እናቷ ደብዳቤውን አጣጥፈው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር አስቀመጡት።