በአንድ ገጽ ፎቶ የተፈረደበት መጽሐፍ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ላለዝበው ሞክሬ ነበር፤ አልለዝብ አለኝ። ለልጆቻችን መጽሐፍ እንመርጣለን ብለን የሠራነውን ሥራ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ደሜ በረድ ሲል ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። አንድ አባት ልጁ አልጋ ላይ አንድ ልቦለድ አገኘ። ልጁ የተቀበለው ከክፍል ጓደኛው ነው፤ እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሳው ነበር። አባትየው መሃሉን ገለጠ። በወጣለት ገጽ ላይ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሰክሮ የገባ አባቷን ጫማ እያወለቀች «ምነው በሞተልኝ» ብላ ታስባለች። ከዚህ በላይ አላነበበም። ገጹን በስልኩ ፎቶ አነሳና የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከሥሩም «ልጆቻችሁ ምን እያነበቡ እንደሆነ እዩት» ብሎ ጻፈ።

ግሩፑ ነደደ። «ጉድ ነው!» «ማን ነው ይህን ያስገባው?» «ልጆቻችን ላይ እየተሠራ ነው!» እያላችሁ አመሻችሁ። አስተዋይ የምላቸው ሰዎች ሳይቀሩ የተቆጣ ፊት ለጥፈው አለፉ። «ለመሆኑ መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለልጆቻችን ውጤት ሲጠሩን እንኳ እንዲህ ሞልተን አናውቅም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፊት ለፊት ብቻዋን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ አለ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው እየተነሳ ወረደባት። እሷ አንዴ ብቻ «መጨረሻውን ብታዩት እኮ…» ብላ ጀመረች። ሰብሳቢው አቋረጣት። «መጀመሪያውን አይተነዋል፣ ይበቃናል» አላት። ይህም ቢሆን ውሸት ነው። መጀመሪያውንም አላዩትም፤ ያዩት መሃሉን ነው።

እጄን አወጣሁና «እዚህ ካለነው ውስጥ ሙሉውን ያነበበ አለ?» አልኩ። ማንም መልስ አልሰጠኝም። ቆየት ብሎ አንድ ሰው ተነሳና «መርዝ መሆኑን ለማወቅ መቅመስ የግድ ነው?» አለ። አጨበጨባችሁለት። መርዝ መሆኑን ማን እንደነገራችሁ ልጠይቅ ነበር፤ በጭብጨባው መሃል ማን ይስማኝ!

እስከዚህ ድረስ ያለውን ይቅር እል ነበር። ሰው ለልጁ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይጮኻል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ የቀጠለው ነው።

መጽሐፉን የተዋሰችውን ልጅ ከክፍል አስጠሯት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ወደ ፊት ነይ» ተባለች፤ መጣች። ሰብሳቢው መጽሐፉን አንስቶ አሳያት።

«ይህን ማን ነው የሰጠሽ?»

«ማንም አልሰጠኝም። ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«ለምን መረጥሽው?»

ልጅቷ ሠራተኛዋን አየቻት። ቀጥላ እናቷን አየች። እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። «አባቷ የሚጠጣ ልጅ ታሪክ ስለሆነ» አለች።

አዳራሹ ጭጭ አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ረጅም ሳቅ አልነበረም፤ በአፍንጫ የምትወጣዋ ዓይነት ናት። ከጎኑ ያለውም ተከተለው። እናትየው ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ወለሉ ላይ አፈጠጠች። ልጅቷ «መሄድ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። ያኔ እንኳ «ሂጂ የኔ ልጅ» የሚላት ሰው ጠፋ። ሰብሳቢው በእጁ በሩን አሳያት።

ምን እንዳደረግን ገብቷችኋል? አንዲት ልጅ የቤቷን ነገር ለማንም ሳትናገር፣ አባቷን ለማንም ሳታሳጣ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ የምታስብበት አንድ ቦታ አግኝታ ነበር። ያንን ነጠቅናት። መንጠቁ ሳይበቃን የቤቷን ገመና በገዛ አፏ አስወጣናት። ያውም «ልጆች ይጠበቁ» ብለን በተሰበሰብንበት አዳራሽ! የሳቀውን ሰው አውቀዋለሁ። ስሙን አልጽፍም። ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ለሱ የምለው ነገር የለኝም፤ የምናገረው ዝም ብለን ለተቀመጥነው ነው።

መጽሐፉን እኔ አንብቤዋለሁ። ፎቶ ከተነሳው ገጽ ቀጥሎ ያለውን ልንገራችሁ። ልጅቷ ባሰበችው ነገር ትደነግጣለች። አባቷን ብርድ ልብስ ታለብሰውና መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ ታለቅሳለች። ትንሽ ቆይታም ለአክስቷ ትናገራለች። አባትየው መጨረሻ ላይ መልአክ አይሆንም፤ ደራሲው እንዲህ ያለ ርካሽ ሥራ አልሠራም። ልጅቷ ግን የአባቷ መጠጥ የሷ ጥፋት እንዳልሆነ ይገባታል። መርዙ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ገጽ መግለጥ አቅቶን ነው ያን ሁሉ ጉድ ያመጣነው።

የተነሳው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ርዕሱ ወይም ሽፋኑ የሚያሳዝን የሚመስል ልቦለድ ሁሉ ከመደርደሪያ ወርዶ፣ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ገባ። በምትኩ ኮሚቴው የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት ገዛ። «ልጆች አርዓያ ያስፈልጋቸዋል» ተባለ። እውነት ነው፣ ያስፈልጋቸዋል። የተገዙትን ግን አገላብጬ አየኋቸው። ሽፋናቸው አንድ ነው፤ ሰውየው እጁን አጣምሮ ሩቅ ሩቅ ያያል። ውስጣቸውም አንድ ነው። ድሃ ሆኖ ተወለደ፣ ተግቶ ሠራ፣ ማንንም አልበደለም፣ ሀብታም ሆነ። መሃል ላይ ፈተና ይመጣል፤ ፈተናው ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጥፋት ነው። የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሰው የት አይቶ ያውቃል? በራሱ ሲለካው «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ይዘጋዋል። ደግ አደረገ።

በሽታው አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን በሞተ ማግስት ሜሰን ሎክ ዊምስ የሚባል ጸሐፊ ሕይወቱን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1800 አሳተመ። በ1806 እትም ላይ አንድ ታሪክ ጨመረበት። ትንሹ ዋሽንግተን የአባቱን የቼሪ ዛፍ በመጥረቢያ መትቶ ሲጠየቅ «መዋሸት አልችልም» ብሎ አመነ የሚል ነው። ለዚህ ታሪክ ማስረጃ የለም፤ የታሪክ ሰዎች ፈጠራ ነው ብለው ትተውታል። ስንት ትውልድ አለመዋሸትን በውሸት ተማረ ማለት ነው!

ከዚህ ጋር ጋንዲን አስተያዩት። የራሱን ሕይወት ሲጽፍ፣ በ15 ዓመቱ ከወንድሙ የክንድ አምባር ቁራጭ ወርቅ መስረቁን ራሱ ይናገራል። በአፉ መናገር ስላቃተው ጥፋቱን በወረቀት ጽፎ ለታመመ አባቱ ሰጠ። አባቱ አነበበው። እንባው ወረቀቱን አራሰው። ከዚያ ቀደደው። አልመታውም፣ አልሰደበውም። ሰርቆ ወይም ዋሽቶ የሚያውቅ ልጅ፣ ማለትም ሁሉም ልጅ፣ ይህን ሲያነብ ራሱን ያገኘዋል። ለነገሩ ከዚህ ገጽ ከልጆቹ ይልቅ እኛ አባቶች ብንማር ይሻል ነበር።

የአን ፍራንክን ማስታወሻም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ13 ዓመቷ መጻፍ ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በናዚዎች ካምፕ ሞተች። አባቷ በ1947 ሲያሳትመው ስለ እናቷ የጻፈችውን መራር ነገርና ስለ ሰውነቷ የጻፈችውን በከፊል አስቀርቶት ነበር። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ሚስቱንም ሁለት ሴት ልጆቹንም ያጣ ሰው ነው። በኋላ ግን የቀረው ተመልሶ ታተመ። ልጆች ዛሬ የሚያገኟት በእናቷ የምትናደደዋን አንን ነው። እሷን ደግሞ ያምኗታል።

ባለፈው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ ብዬ ነበር። አዲሶቹ መጻሕፍት እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱን አወጣሁ፤ ገጾቹ ጠርዛቸው ላይ እንደተጣበቁ ናቸው፣ ሲላቀቁ ይንጣጣሉ። የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ነጭ ነው። የዚያን ልቦለድ ወረቀት ግን በስብሰባው ቀን ጠረጴዛው ላይ ሳለ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሞልቶ ሌላ ወረቀት ከላይ ተለጥፎበት ነበር። እሱም ራሱ በማኅተም ጠቁሯል። ስንቱ ልጅ ነው ያንን መጽሐፍ ፈልጎ የወሰደው? ስንቱስ የቤቱን ነገር ሊረዳበት ነበር? አልጠየቅንም። ሠራተኛዋ ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውራለች። ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም እንዳልተዋሰች ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ቁጣዬ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ሐዘኑ ቀረኝ።

ኤስ. ኢ. ሂንተን የምትባል አሜሪካዊት በዕድሜዋ ላሉ ልጆች እውነቱን የሚናገር መጽሐፍ ብታጣ በ15 ዓመቷ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። የኛ ልጆች ሁሉ ደራሲ አይሆኑም። መደርደሪያ ላይ ያጡትን ስልካቸው ላይ ይፈልጉታል። እዚያ ደግሞ የኛ ኮሚቴ አይደርስም።

አትምረጡላቸው አልልም። ምረጡ፤ ግን አንብባችሁ ምረጡ። ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ ይሆናል የምል ሞኝ አይደለሁም። ጭካኔን የሚያሳምር መጽሐፍ አለ። ራስን ማጥፋትን እንደ ፍቅር ታሪክ የሚያስጌጥም አለ። የ13 እና የ17 ዓመት ልጅም አንድ አይደሉም። ይህን ግን ከአንድ ገጽ አታውቁትም። ክፉ ነገር መጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ምንም አይነግራችሁም፤ ደራሲው እንዴት እንደያዘው ነው ማየት። ከክፉው ነገር በኋላ ምን ይመጣል? የተጎዳው ሰው እንደ ሰው ይታያል ወይስ ማድመቂያ ነው? ይህን ለመመለስ መጨረስ ግድ ነው።

የሕይወት ታሪክ ስትመርጡም ሽፋኑን ተዉትና ሰውየው ተሳስቶ እንደሚያውቅ ፈልጉ። ካልተሳሳተ መልሱት። ማን ጻፈው? ራሱ ነው? ቤተሰቡ ነው? ወይስ ከፍሎ ያስጻፈው ነው? ጸሐፊው ነገሩን ከየት እንዳገኘው ይናገራል? ሰውየውን የማይወዱ ሰዎች አንዲት ቃል ተናግረውበታል? ለልጆቹም እነዚህን ጥያቄዎች አስተምሯቸው። ለጥርጣሬ ከጎረምሳ የበለጠ የተፈጠረ የለም፤ ይወዱታል።

ያልጣማቸውን ደግሞ ይተዉት። መጽሐፍ አልጨርስም ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እኛስ ስንቱን ጀምረን ትተናል? ካነበቡ በኋላ ደግሞ ፈተና አታድርጉባቸው። «ምን ተማርክበት?» አትበሉ። ይህች ጥያቄ ንባብ ገዳይ ናት። «ማንን ጠላኸው?» በሉት፣ እራት እስኪቀርብ ያወራላችኋል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ደክሞኛል። ግማሾቻችሁ እስከዚህ አላነበባችሁም፤ ምናልባት አንዱ አንቀጽ ፎቶ ተነስቶ ግሩፑ ላይ እየዞረ ነው። ቢሆንም ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «የዚያ መጽሐፍ ርዕስ ማን ነበር? ላነበው ነው» አለችኝ። ፎቶውን ያነሳው አባትም ይጽፍልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እስካሁን አልጻፈም። ሌላ አባት ግን ካርቶኖቹ ከመጋዘን ይውጡ የሚል ደብዳቤ ብጽፍ እንደሚፈርም ነግሮኛል። እንግዲህ ሦስት ሆነናል ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ከዜሮ ግን ይሻላል።

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቁ አልላችሁም። አውቃችኋለሁ፣ ለይቅርታውም ጠርታችሁ ሰው ፊት ታቆሟታላችሁ። ተዉአት። ሠራተኛዋን ግን ወደ ቦታዋ መልሱልን። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ፊርማ የሚጨምር ይምጣ። ለሚቀጥለው ስብሰባ መጽሐፉን ይዤ እመጣለሁ። የራሴ ቅጂ ነው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ አውሳለሁ። አንብቦ የጠላው ካለ ገጽ በገጽ እንከራከር። ደስ ይለኛል።