በረካ ያለው ኮድ

ደሴ ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ ከፍተው የሚውሉትን ልጆቻችንን ሳያመሰግን የሚያልፍ ሰው ውለታ ቢስ ነው። እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። በተለይ አንዱን። ስሙን አልጠራም፣ ወዳጄ ነው። ደግሞ ማኪያቶ የሚከፍልልኝም እሱ ነው።

ይሄ ወዳጄ ሰኞ ገበያ ላሉ አንድ እህል ነጋዴ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሠራላቸው። በጃቫስክሪፕት፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት የኮምፒውተር ቋንቋ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ ልበላቸው። ነገሩ ቀላል ነው። «ሽጥ» የምትል በተን አለች፤ በተጫኗት ቁጥር ከመጋዘኑ አንድ ኩንታል ትቀንሳለች። ሐጂ ጠዋት 40 ኩንታል ጤፍ አስመዘገቡ። ቀኑን ሙሉ ሸጡ፣ ቀኑን ሙሉ ተጫኑ። ማታ ቢያዩት 40።

«ማሻ አላህ!» አሉ።

ቡና ላይ እንኳ በረካ የሚመጣው ከአቦልና ከቶና በኋላ ነው። የወዳጄ ኮድ ገና በአቦሉ በረካ ሆነ።

እንዴት ቢባል፣ ጃቫስክሪፕት «ዲስ» (this፣ «ይሄ») የምትባል ቃል አለችው። ይቺ ቃል የተጻፈችበትን ቤት አታይም፣ የጠራትን ነው የምታየው። ወዳጄ «ሽጥ» የሚለውን ፈንክሽን፣ ማለት ሲጠሩት ሥራውን የሚሠራውን የኮድ ቁራጭ፣ ከመጋዘኑ ነቅሎ ለበተኗ ሰጣት። ስትጫን «ዲስ» ማለት በተኗ ራሷ ሆነች። በተን ደግሞ ጤፍ የላትም። ከሌለ ጤፍ ላይ አንድ ኩንታል ሲቀነስ «ናን» ይወጣል፣ ቁጥር ያልሆነ ቁጥር። ጃቫስክሪፕትም ጨዋ ነው፤ ትንፍሽ ሳይል ናኑን በተኗ ላይ ጻፈላት። ቀይ መስመር የለ፣ ጩኸት የለ። መጋዘኑም እንዳለ።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ይሄ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ሁላችንም ልጅ ሆነን ተልከናል። እናት «ሂድ እትዬ ቤት፣ ሰፌዴን መልሺልኝ ብላለች በል» ትላለች። ልጁ ይሄዳል፣ «ሰፌዴን መልሺልኝ ብላለች እማዬ» ይላል። ሰፌዴ ያለው ልጁ ነው፣ ሰፌዱ ግን የእናቱ ነው። ያንን የያዘችው «ብላለች» ናት። መንገድ ላይ ብይ ሲጫወት እሷን ከጣላት፣ ሰፌዱ የሱ ሆኖ አረፈው። እትዬም «ደሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጤፍ የምታንገዋልለው?» ትለዋለች።

ፈረንጆቹም ይሄ ገብቷቸው በራሳቸው አቆጣጠር በ2009 ስታንዳርዳቸው «ባይንድ» የሚባል ማሰሪያ አመጡ። ፈንክሽኗን ከመላክህ በፊት «ብላለች»ን አንገቷ ላይ ታስርላታለህ። በ2015 ደግሞ አሮው (ቀስት) ፈንክሽን መጣች፤ ማንም ቢጠራት የተጻፈችበትን ቤት «ዲስ» ነው የምትይዘው።

ወዳጄ ግን ማሰር አይወድም። ወሎዬ ነው፣ ለቀቅ ያለ ልጅ ነው። ብሬንዳን አይክ በ1995 የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀን ጻፈው፤ ወዳጄ በ10 ደቂቃ አሻሻለው። ከሆነ ቦታ አንዲት መስመር ኮፒ አደረገ፦ «ሰልፍ = ዲስ»። ሰልፍ (self) በእንግሊዝኛ «ራስ» ማለት ነው፤ መጋዘኑን በስም ይዛ ታቆያለች። በእርግጥ መላዋ የቆየች ናት፣ ከፊቷ «ቫር» የምትባል፣ ስሙን እዚያው ቤት የምታሳድር ቃል ካለች ትሠራለች። ወዳጄ ቫሯን እዚያው ጥሏት መጣ። ምን ታደርጋለች ብሎ።

ቫር የሌለው ስም ማደሪያ የለውም፣ ግሎባል ነው የሚገባው፣ ኮዱ ሁሉ የሚጋራው ቤት። ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ስሙ እንደሚለው ማንንም አይመልስም ነበር። ግሎባልም እንደዚያው ነው፤ ግን «ሰልፍ» ለሚባል እንግዳ ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው።

ለጊዜው ሠራ። ጤፉ መቀነስ ጀመረ። ሐጂ ደስ አላቸውና የማሽላ መጋዘን አስጨመሩ። ማሽላው መጣ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሐጂ ጤፍ ሲሸጡ ማሽላ ይጎድላል።

«ቢያንስ ይቀንሳል እኮ» አለኝ ወዳጄ።

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ማድነቅ። ሌላው ቢሆን «ቆይ፣ ይቺን ፈንክሽን ማነው የጠራት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የኛ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገቡም፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። «ሠርቷል? አትንካው!» ይላሉ፣ አንዱ ለሌላው ያቀብላል። ወዳጄም ሁለተኛ ሰልፍ ጨመረ። ከዚያ ሰልፍ ሦስት። ከዚያ ሰልፍ አዲስ፣ ሰልፍ የመጨረሻ፣ ሰልፍ የመጨረሻ እውነተኛው። ዳቦ ቤት በር ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። አሮው ፈንክሽን የሚባል ነገር አለ ብዬ ሹክ ብለው ደግሞ ያገኘውን ፈንክሽን ሁሉ ቀስት አደረገው፤ ቀስቶቹ የመጋዘኑን ሳይሆን ከመጋዘኑ ውጪ ያለውን «ዲስ» ያዙና ማሽላውም መቀነስ አቆመ።

ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሂሳቡን በደብተር መያዝ ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ታገሱ። ባለፈው ቅዳሜ ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሱቃቸው የሚላላክ አንድ ፍሬ ልጅ እየሮጠ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወዳጄ ፊት ቆመና፦

«ገንዘቤን መልስልኝ!» አለው።

ወዳጄ ማኪያቶውን አስቀመጠ። ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የማንን ገንዘብ? ቆይ፣ አንተን ማነው የላከህ?»