ማንንም የማያስከፋ የአየር ንብረት ዘመቻ

«መንግሥት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ እርምጃ ይውሰድ» ብለው የሚነሡ የሰፈር ኮሚቴዎችን የሚያመሰግን ጠፍቷል። መንግሥትን ሳያስከፉ መንግሥትን መጠየቅ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ጠይቀው ሲያበቁ ምን እንደጠየቁ ማንም እንዳያውቅ ማድረግ ደግሞ የሙያው ጫፍ ነው።

ጥያቄውን እንመልከት። የበሰለ ኮሚቴ «ጉዳዩ ልዩ ትኩረት ይሰጠው» ብሎ ይጽፋል። እንዴት ያለ ልብ የሚያሳርፍ ቃል ነው! መጠን የለው፣ ቀን የለው፣ ባለቤት የለው። ኃላፊው ያነብበዋል፣ ትኩረቱን እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይሰጣል፣ ያልቃል። ጀማሪ ኮሚቴ ግን ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳል። የምግብ ትርፍራፊ አየር በማያገኝበት ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ከክምሩ ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፤ በ20 ዓመት ሂሳብ ደግሞ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል ይላል። እዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ በሳይንስ የተቀየመ ኃላፊ የለም። እሱ ግን ይቀጥላል፦ ማዘጋጃ ቤቱ የሚበሰብሰውን ለብቻ ይሰብስብ፣ ብስባሽ የሚዘጋጅበት ቦታ ይመድብ፣ በዚህ ቀን ይጀምር። ይባስ ብሎ መኪናው ላይ ይደርሳል። ነዋሪው በሁለት ከረጢት ለይቶ ያወጣውን አንድ መኪና መጥቶ ከቀላቀለው ልፋቱ ከንቱ ነውና፣ ለሚበሰብሰው የራሱ መኪና ወይም የራሱ ቀን ይኑረው ብሎ ይሞግታል። ይኼ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ «እሺ» ወይም «እምቢ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

አድራሻው «ለሚመለከተው አካል» ይሁን። ቆሻሻውና የሰፈሩ ቱቦ የማዘጋጃ ቤት፣ የኃይል ማመንጫው የበላዩ መንግሥት፣ የአውቶቡሱ መሥመር የትራንስፖርት ቢሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ማጣራት አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ያ ከሰዓት ደግሞ ለቲሸርት ቀለም ምርጫ ተይዟል።

ፊርማ ማሰባሰብ ላይ ኮሚቴዎቻችን አቻ የላቸውም። ጥያቄው የሚጻፈው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የቀሩት ገጾች ተራ ቁጥር፣ ስምና ፊርማ የተሰመረባቸው ባዶ ወረቀቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ጥያቄውን መድገም የቀለም ብክነት ስለሆነ፣ የፈራሚው ሕዝብ የፈረመው ለንጹሕ አየር ይሁን ለኳስ ሜዳ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። የመኖሪያ አድራሻ ዓምድ የለም፤ ስለዚህ ከፈረሙት ውስጥ የዚያ ምክር ቤት መራጭ የሆነው ስንቱ እንደሆነ አባላቱ ተጨንቀው አያድሩም። ለስድስት ቤተሰብ አባወራው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ይፈርማል፤ ይህም የቤተሰብ ፍቅር ነው። ማጣራት የሚወድ አንድ ጸሐፊ እነዚህን ስድስቱን ካገኘ የቀሩትንም ሁሉ አብሮ ቢጥላቸው ምን ይደረግ፣ ፍቅር ዋጋ ያስከፍላል።

ስለ ጊዜ ምርጫማ ምን ይባላል? የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄ ምክር ቤት ከመድረሱ ከወራት በፊት ተሰብስቦ ይደመራል። አንድ የወጪ መደብ የሚገባውም የሚወጣውም ያኔ ነው። ኮሚቴው ግን የጩኸት ቀኑን ጁን 5፣ በዓለም የአካባቢ ቀን አድርጎታል፤ በጀቱ ቢጸድቅም ባይጸድቅም ንቅንቅ የለም። ጸድቆ ካለፈ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» የሚል መልስ ይመጣል፤ ኮሚቴው ይህንን ድል ብሎ ይመዘግበዋል። በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት አገሮች በየአምስት ዓመቱ የሚያቀርቡት የልቀት መቀነሻ ዕቅድስ? እሱን ማንበብ ከኃላፊው ጋር ያቃቅራል።

ከፍ ያለ ምኞት ላለው አዋጅ አለለት። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያ የዳረቢን ከተማ ምክር ቤት የአየር ንብረት አስቸኳይ ሁኔታ ካወጀ ወዲህ ከ2,000 በላይ የአካባቢና የአገር አስተዳደሮች ተከትለዋል። ለማወጅ አንድ ስብሰባና የእጅ ማውጣት ይበቃል። በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳና በየዓመቱ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው አብሮ ካልታወጀ፣ ማንም የማይሮጥበት አስቸኳይ ሁኔታ ይሆናል፤ ለጤና ጥሩ ነው።

ነገረኛ ግን የትም አይጠፋም። ኡርጌንዳ የሚባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ከ886 ዜጎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥቱን ከሰሰ። የጠየቁት ቁጥር ነበር፤ ቁጥር! በ2015 ፍርድ ቤቱ መንግሥት እስከ 2020 መጨረሻ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱን ከ1990 መጠን ቢያንስ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 2019 አጸናው። ከ2,000 በላይ የስዊዘርላንድ አረጋውያን ሴቶችን ያቀፈው ማኅበርማ ጡረታ ይበቃናል ሳይል፣ አገራቸው በአየር ንብረት ለውጥ ላይ በቂ እርምጃ ባለመውሰዷ ሰብአዊ መብት ጥሳለች የሚል ውሳኔ በኤፕሪል 2024 ከአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አስወጣ። እነዚህ ሰዎች ለአንድም ባለሥልጣን ኮፍያ አላለበሱም።

የርክክቡ ዕለት ኃላፊው የክብር እንግዳ ሆኖ ይጋበዛል፤ ተጠያቂው መድረክ ላይ፣ ጠያቂው ፀሐይ ላይ። ፖስታው በሁለት እጅ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ዋናው እንዳለ ስለሚገባ ኮፒ አይቀርም። በራስ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ማስመታት በፈገግታው ላይ አለመተማመን ስለሚመስል አይሞከርም። ከጥቂት ወራት በኋላ ኃላፊው ይዛወራል። አዲሱ «እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም» ይላል፤ ኮሚቴውም ምንም ሳይከፋው ባዶ ወረቀት አስምሮ ከተራ ቁጥር አንድ ይጀምራል።