ጨረቃ ላይ የሚፈለገው ጠጋኝ ነው

ናሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 «ሙንቤዝ አልፋ» የተባለ የቪዲዮ ጌም ስቲም በተባለው የኦንላይን ጌም ማከፋፈያ በኩል በነፃ ለቀቀ። ታሪኩ አጭር ነው። ጨረቃ ላይ፣ ደቡብ ዋልታው አካባቢ፣ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር አለ። ተጫዋቹ ከምርምር ጉዞ ሲመለስ ሜትሮይት ይወድቅና የሰፈሩን የሕይወት ማቆያ ሥርዓት ያሰናክለዋል። ኦክስጅን መመረቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ጥገና ነው። ጠላት የለም፣ የሚተኮስበት ነገር የለም፣ የሚያዝ ግዛትም የለም።

ለልጆች የትምህርት ጌም የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ምርጫ ገና ብዙ ሊማሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ዛሬም አብዛኞቹ «ትምህርታዊ» የሚባሉ ጌሞች ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ልጁ ትክክለኛውን መልስ ሲነካ ኮከብ ይሰጡታል። ቀለም የተቀባ የፈተና ወረቀት ማለት ነው። የናሳው ጌም ግን ምንም አይጠይቅም። የተበላሸ ነገር ያሳያል፤ ሰዓት ይቆጥራል።

ትምህርቱ ያለው እዚያው ብልሽቱ ውስጥ ነው። ጨረቃ ላይ የሚተነፈስ አየር ስለሌለ ኦክስጅን መመረት አለበት፤ ለማምረት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ለኤሌክትሪክ የፀሐይ ፓነል፣ ከፓነሉ እስከ ማሽኑም ገመድ። ከዚህ አንዱ ከተቋረጠ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቦታው ደቡብ ዋልታ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአብዛኛው የጨረቃ ገጽ ላይ አንድ ሌሊት የእኛን 14 ቀን ያህል ይረዝማል፤ ዋልታው አካባቢ ያሉ አንዳንድ ከፍታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ አያጡም። ፀሐይ ደርሶባቸው በማያውቅ ጉድጓዶች ውስጥ ደግሞ በረዶ አለ፤ ጌሙ ከመውጣቱ ዘጠኝ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2009፣ ናሳ ካቢየስ ወደተባለው ጉድጓድ የሮኬት አካል አጋጭቶ ከተነሣው አቧራ መካከል ውሃ አግኝቷል። ይህን በቃል አጥንቶ የተፈተነ ተማሪ በሳምንቱ ሊረሳው ይችላል። ኦክስጅን እያለቀበት ገመድ ፍለጋ የሮጠ ልጅ ግን ኤሌክትሪክና ትንፋሽ ምን እንደሚያገናኛቸው አይጠፋውም።

ጌሙን እስከ ስድስት ሰው በአንድነት ይጫወተዋል። ሮቨር የሚባል የጨረቃ ተሽከርካሪ አለ፣ ከሩቅ የሚታዘዙ የጥገና ሮቦቶች አሉ፣ መሣሪያ የሞላበት መጋዘንና የትእዛዝ ማዕከል አለ። ከባዱ ነገር ያን ሁሉ ማከፋፈል ነው፤ ማን ወደ ፓነሎቹ ይሂድ፣ ሮቦቱን ማን ይያዝ፣ የቱ ይቅደም።

ይህ ለልጆች የተፈጠረ ተረት አይደለም። በታኅሣሥ 1972 አፖሎ 17 ጨረቃ ላይ እንዳለ የጠፈርተኛው የዩጂን ሰርናን መዶሻ ተጠልፎ የሮቨሩን ፓራፋንጎ ሰበረው። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ፓራፋንጎ የሌለው ጎማ አቧራውን እያነሣ በጠፈርተኞቹ ላይ ያዘንበዋል፤ የጨረቃ አቧራ ደግሞ ነፋስና ውሃ አለዝበውት ስለማያውቁ ስለታም ነው፤ ልብሱን ይበላል፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፣ መሣሪያ ላይ ሲያርፍ የፀሐይ ሙቀት ይስባል። ሰርናን መጀመሪያ በፕላስተር አጣበቀው፤ አልያዘም። በማግስቱ ምድር ላይ ያሉ ባልደረቦቻቸው በመከሯቸው መሠረት እሱና ጂኦሎጂስቱ ሃሪሰን ሽሚት አራት ካርታዎችን በፕላስተር አያይዘው፣ ከጠፈር መንኮራኩራቸው ውስጥ በፈቱት መቆንጠጫ አጥብቀው አዲስ ፓራፋንጎ ሠሩ። ሥራቸውንም በዚያው ጨረሱ። ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1970፣ የአፖሎ 13 ሦስት ጠፈርተኞች ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመለጡት አራት ማዕዘኑን ማጣሪያ ክብ ማጣሪያ ከሚቀበለው መሣሪያ ጋር በላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በቱቦና በፕላስተር አገናኝተው ነው።

ስለ ጠፈር ለልጆቻችን ስንነግራቸው ግን ሮኬቱ ሲነሣና ባንዲራው ሲተከል ያለውን እናሳያቸዋለን። ፓራፋንጎው ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የልጁን እጅ ሥራ ላይ ሊያሳርፍ የሚችለው ያ ክፍል ነውና።

ጌሙ እንከን የለውም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ ተጫዋቾች የሚጻጻፉትን መልእክት በማሽን ድምፅ የሚያነብ ክፍል ስለነበረው ወጣቶች ትርጉም የሌለው ፊደል እየደረደሩ ማሽኑን ማዘፈን ያዙ፤ ቪዲዮው በዩቲዩብ ተሠራጨ። ተጫዋቾቹን አልወቅስም። ጌሙ ውስጥ የሚደርሰው አደጋ ሁልጊዜ ያው አንድ ነው፤ አንዴ ከተካኑት በኋላ የሚቀረው ጊዜ ማሻሻል ብቻ ነው። ናሳ ይህን ለትልቅ የኦንላይን ጌም መንደርደሪያ አድርጎ ነበር ያሰበው፤ ትልቁ ግን አልመጣም። የአሜሪካ መንግሥት ወደ ጨረቃ የመመለሻውን የኮንስቴሌሽን ፕሮግራም እንዲሰረዝ ሐሳብ ያቀረበውም በዚያው በ2010 ነው።

ከሁሉ በላይ የማልስማማው በነጥብ አሰጣጡ ነው። ጌሙ የሚመዝነው ፍጥነትን ነው። ጥሩ ጠጋኝ ግን መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ቆሞ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ከየት እንደተቋረጠ ይፈልጋል። ነጥቡ የሚገባው ለዚያ ፍለጋ ነበር። ብልሽቱ በየጊዜው ቦታውን ቢቀይር፣ አንዳንዴም የሚያሳስት ምልክት ቢያሳይ ተጫዋቹ ለማሰብ ይገደድ ነበር።

እንዲህ ያለ ጌም አሟልቶ የሚሠራ ሰው ጨረቃ ድረስ መሄድ የለበትም። በአገራችን ገጠር ባሉ ጤና ተቋማት ክትባት የሚቀመጥባቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። እዚህም ፓነል አለ፣ ገመድ አለ፣ መጠበቅ ያለበት ሕይወት አለ። በአማርኛ ጌም ለሚሠሩ ወጣቶቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ቴርሞሜትሩ 7 ዲግሪ ላይ ደርሶ አሁንም ይወጣል፤ ፓነሉ አቧራ ለብሷል፣ ገመዱ የላላ ይመስላል፣ መጋዘን ውስጥ ያለው መለዋወጫ አንድ ብቻ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ስክሪን ፊት ይቀመጡና መጀመሪያ የቱን እንደሚያዩ ይከራከሩ።